በረኪና ወይስ አቼቶ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤት የጽዳት ዕቃ አመራረጥ

ደሴ ፒያሳ ከአንዱ ሱቅ ገብታችሁ የቤት ማጽጃ ብትጠይቁ ባለሱቁ ግማሽ መደርደሪያ ያወርድላችኋል፦ በረኪና፣ ዴቶል፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ ሽታው ከበር የሚቀበል የወለል ፈሳሽ፣ «99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» የተጻፈበት ስፕሬይ። ሰኞ ገበያ ብትሄዱ ደግሞ እንዶዱ፣ ሎሚው፣ ግራዋው፣ የወይራ እንጨቱ ይጠብቃችኋል። በብዙ ቤት ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ልጆች በረኪና ካልሸተታቸው ቤቱ ጸዳ አይሉም። እናቶች ደግሞ «ይሄ ኬሚካል ሳንባችሁን ይጨርሰዋል፤ እኛ በአመድና በሎሚ ነው ያደግነው» ይላሉ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ ወዲህ የበረኪናው ወገን በርትቷል። ያኔ የበር እጀታ ለመጥረግ የተጀመረው ልማድ ዛሬ ወለሉንም፣ የወጥ ዕቃውንም፣ ልብሱንም ይዞታል።

ሁለቱም ወገን የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ክርክሩን ከጠርሙሱ ይጀምራል። እኔ የምለው ከቆሻሻው ጀምሩ ነው። ፊታችሁ ያለው ምን ዓይነት እድፍ እንደሆነ ካወቃችሁ ዕቃውን መምረጥ ቀላል ነው፤ ከምትገዙት ውስጥም ግማሹ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ቆሻሻውን ለዩ

አቧራ፣ ጭቃ፣ የወጥ ቅባት፣ ጥላሸት፣ የፈሰሰ ቡና፦ ይሄ ሁሉ ዓይን ያስቀይማል እንጂ ብዙ ጊዜ ሰው አያሳምምም። በተራ ቀን ከምናጸዳው አብዛኛው ይሄው ነው። ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።

ሳሙና የማይነካው ግትር እድፍ አለ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ የቧንቧ አፍ ላይ የሚደርቀው ነጭ ነገር፣ ዝገት። እነዚህ የሚሸነፉት ለኮምጣጣ ነው፤ ለአቼቶ ወይም ለሎሚ። በረኪና እዚህ ዋጋ የለውም። ዝገት የነካው ነጭ ልብስ ላይ ካፈሰሳችሁበትማ ቡናማውን እድፍ ጭራሽ ያጸናዋል።

ከዚያ በሽታ የሚያሻግረው ይመጣል። ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ደም፣ የጥሬ ሥጋና የዶሮ እጣቢ፣ የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል፣ ግቢው ሁሉ የሚጋራው ሽንት ቤት። ጀርም ገዳይ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ቤታችሁ ውስጥ በዚህ ሳምንት ከእነዚህ አንዱም ካልተከሰተ በረኪናውን ባለበት ተዉት።

ደረጃ 2፦ ሁልጊዜ በሳሙና ጀምሩ

ሳሙና ጀርም ገዳይ ተብሎ ባይሸጥም ሥራው ቀላል አይደለም። ቅባቱን ፈትቶ፣ ጀርሙን ከተጣበቀበት አላቆ ከውሃው ጋር ይዞት ይሄዳል። እንደ ኮሮና ያሉትን በቅባት የተሸፈኑ ቫይረሶች ደግሞ ሽፋናቸውን ራሱ ይበጣጥሰዋል።

በረኪና በአንጻሩ አይመርጥም። ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያጠቃው። ቅባት፣ ፍርፋሪ ወይም ጭቃ ካገኘ ጉልበቱን እዚያው ይጨርስና ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ይሞታል። ስለዚህ ያልታጠበ ወለል ላይ በረኪና የሚያፈስ ሰው ገንዘቡን ነው የሚያፈሰው። በሳሙና ታጥቦ የታጠበበት ውሃ የተጠረገ ሊሾ ላይ ቀጠን ያለ በረኪና ብታሳርፉበት፣ ቆሻሻው ላይ እንዳለ ከሚደፋው ወፍራም በረኪና የተሻለ ይሠራል።

ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ መቆጠብ ግድ ነው። ሁለት ሳፋ ያዙ፤ በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ። ጨርቁን ከሳሙናው ነክራችሁ ጥረጉ፣ በንጹሑ እጠቡት፣ ጨምቁ፣ ድገሙ። የሚያጸዳው የውሃው ብዛት ሳይሆን የጨርቁ ንጽሕና ነው። ሽንት ቤት የጠረገ ጨርቅ ወደ ማድ ቤት አይመለስ፤ ለየብቻው ቀለም ያለው ጨርቅ መድቡለት።

ወለላችሁ አፈር ከሆነ ወይም በእበት የተለቀለቀ ከሆነ በረኪና አታባክኑበት። አፈሩ ይጠጣዋል፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ነገር ጉልበቱን ይጨርሰዋል። ሕፃን ወይም በሽተኛ ካስመለሰበት የረጠበውን አፈር በአካፋ ዝቃችሁ ሽንት ቤት ጨምሩ፤ ቦታውንም አዲስ ለቅልቁት።

ደረጃ 3፦ በረኪናውን በልክ በጥብጡ

በበረኪና ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል። ገበያ ላይ ያለው በብዛት ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። ቁጥሩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ካልተጻፈ አትግዙት፤ መጠኑን የማታውቁትን ነገር በልክ መበጥበጥ አትችሉምና።

ለ5 በመቶ በረኪና ልኩ እንዲህ ነው፦

– ለተራ ጀርም መግደያ፣ ማለትም ለበር እጀታ፣ ለሽንት ቤት መቀመጫ፣ ለሕመምተኛ ክፍል (0.1 በመቶ)፦ 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ። በ1 ሊትር ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ፤ በ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር።

– ደም፣ ትውከትና ተቅማጥ ለነካው ቦታ (0.5 በመቶ)፦ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። አንድ የቡና ሲኒ በረኪና ከሆነ ዘጠኝ ሲኒ ውሃ። ሲኒው ከዚያ ወዲያ ለቡና አይመለስ።

– ታጥቦ ለጠራ መክተፊያ፣ ቢላዋና ምግብ ለሚነካ ጠረጴዛ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ። ከዚያ ሳይጠረግ በነፋስ ይድረቅ።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ሌላ ከሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም። ያለውን በሚፈለገው አካፍሉ፣ 1 ቀንሱ፤ የቀረው የውሃው እጅ ነው። 4 በመቶ በረኪና ይዛችሁ 0.5 ብትፈልጉ፣ 4 ለ0.5 ሲካፈል 8፣ 1 ሲቀነስ 7፤ ስለዚህ 1 እጅ በረኪና በ7 እጅ ውሃ።

የምትበጠብጡበት ውሃ ቀዝቃዛ ይሁን። «ሙቅ ውሃ ይሻላል» የሚለው ለሳሙና ነው፤ በረኪናን ሙቀት ይገድለዋል፣ እንፋሎቱም አፍንጫ ይቆርጣል። የበጠበጣችሁትን በዚያው ቀን ጨርሱ። ለነገ ያደረ ብጥብጥ ሽታው ቢኖርም ጉልበቱ ቀንሷል።

ካፈሰሳችሁ በኋላ ወዲያው አትጥረጉ። ለደምና ለትውከት 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ ረጭቶ ወዲያው ይወለውላል። ስፕሬዩ ላይ «99.9 በመቶ» ከሚለው ጎን ወይም ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ምን ያህል ደቂቃ መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ያንን ደቂቃ ሳትጠብቁ ከሆነ የከፈላችሁት ለሽታው ነው።

አየሩ የሚለያይበትን ነገር ደግሞ እዩት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ መስኮት የሚከፍት የለም። በተዘጋ ቤት በረኪና መርጨት ግን ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደጋ ነው። ቢበርዳችሁም ክፈቱ፤ ጋቢ ደርባችሁ አጽዱ። ሐረጎን ተሻግራችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ ይጠነክራል፣ ቆርቆሮ ክዳን ሥር የተቀመጠ በረኪና በፍጥነት ይዳከማል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ትንሽ ትንሹን ግዙ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ ቀኑን እዩ።

በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚቀዳ ሱቅ አትግዙ፤ ቤት ውስጥም ወደ ሃይላንድ አትገልብጡ። ፀሐይ በሚያሳልፍ ጠርሙስ ቶሎ መድከሙ አንድ ነው። ዋናው ግን ሕፃን ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያየው ውሃ መሆኑ ነው።

ደረጃ 4፦ የተፈጥሮውን እያንዳንዱን በሙያው ተጠቀሙበት

ከተፈጥሮው ወገን ጀርም በመግደል የሚታመነው ፈላ ውሃ ነው፤ ሰው ግን ከሎሚና ከአቼቶ ኋላ ያስቀምጠዋል። ለመጠጥ ውሃ ዶቅ ዶቅ ብሎ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ግን 3 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ 1፣ ደሴ 3። ምክንያቱ ከፍታ ላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት መፍላቱ ነው፤ ደሴ ላይ ከ100 ሳይሆን ከ92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐር ጨርቅ፣ ስፖንጅ 10 ደቂቃ ያህል ብታፈሉት ምንም ጠርሙስ ሳትከፍቱ ሥራው ያልቃል። ስፖንጅ ካረጀ ግን ጣሉት እንጂ አትጠግኑት።

አቼቶ። ለነጭ ቅርፊት፣ ለመስታወት፣ ለፍሪጅ ሽታ ጥሩ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እኩል አቼቶና ውሃ አድርጋችሁ አፍሉት፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ድፉት፣ በንጹሕ ውሃ ደግማችሁ አፍልታችሁ ድፉ። ቅርፊቱ በእጅ ይለቃል። ጀርም መግደሉ ግን አይታመንም፤ አንዳንዱን ባክቴሪያ ይቀንሳል፣ ብዙውን ይተዋል። ሰላጣ በአቼቶ ነክሮ «አሁን ጸዳ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የወስፋት እንቁላል ከአቼቶም ከበረኪናም ይተርፋል፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ በሚወርድ ውሃ ማጠብ ይሻላል፤ ጥርጣሬ ካለባችሁ አብስሉት።

ሎሚም ሙያው ያው ነው፤ ዝገት፣ የጠቆረ ናስና መዳብ፣ የእጅ የሽንኩርት ሽታ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ኮምጣጣ ሁሉ ሲሚንቶ ይበላል። ሊሾና ቴራዞ ላይ ሎሚም አቼቶም ሲደጋገም ወለሉ ይደበዝዛል፣ ይሻክራል። እነዚያን በሳሙና ብቻ።

ቤኪንግ ሶዳ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሱቅ ላይ አንዱን ጠይቃችሁ ሌላውን ይዛችሁ እንዳትመለሱ። የፍሪጅ ውስጥ ለመጥረግ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። ያረረ ድስት ላይ በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ አድራችሁ ፈግፍጉት፤ የአሉሚኒየም ድስት ከሆነ ግን አታሳድሩት፤ ያጠቁረዋል። ሶዳን ከአቼቶ ቀላቅሎ ሲንክ ውስጥ መድፋት በስልክ ቪዲዮ በጣም የተወደደ ዘዴ ነው። አረፋው ያስደስታል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ያከሽፈውና የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው።

አመድ ቅባት በመፍታት የታወቀ ነው። በወንፊት ተነፍቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ብረት ድስት ለመፈግፈግ አሁንም ከብዙ ፈሳሽ ይበልጣል። ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ ግን ለዕቃ አይሆንም።

እንዶድ ለነጠላና ለጋቢ እስካሁን ወደር የለውም። ፍሬውን አድርቆ ወቅጦ በለብታ ውሃ ሲያሹት ሳሙና መስሎ ይኮረፍፋል፤ ጥለቱን ሳያደበዝዝ ያጥባል። በረኪና ያረፈበት ጥለት ግን አይመለስም። ያም ሆኖ እንዶድን «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ መውሰድ ከእውነቱ ጋር አይሄድም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ለቢልሃርዝያ በሽታ ምርምራቸው መነሻ የሆነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል። እጣቢውን ቦርከና ውስጥ አትድፉ፤ ስትወቅጡትም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል።

ግራዋና ወይራ ለጠላ ጋን ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽቶ፣ አለቅልቆ፣ በወይራ ማጠን የኖረ ሙያ ነው፤ በበረኪና የሚተካ የለም። ሸክላ በረኪናውን ይጠጣና ለሚቀጥለው ጠላ ይመልስላችኋል። ጀበናም እንደዚሁ፤ ፈላ ውሃ ብቻ። መሶብም ከውሃም ከበረኪናም ይራቅ፤ በደረቅ ብሩሽ ተራግፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

እጣን፣ ሰንደልና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ይለውጣሉ፤ በሽታ አያጠፉም። አረቄም ጀርም ገዳይ አይሆንም። ለዚያ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያስፈልጋል፤ ተራ ካቲካላ አይደርስም። ለስልክና ለሪሞት 70 በመቶ አልኮል ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉ።

ደረጃ 5፦ አትቀላቅሉ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ሁለት ማጽጃ ሲደመር ጉልበቱ አይደመርም፤ አንዳንዱ መርዝ ይወልዳል።

በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ይህ ሳንባ የሚያቆስል ነው። «በረኪናውም የተፈጥሮውም ይኑርበት» ብሎ ሁለቱን የሚያዋህድ ሰው የሁለቱንም ጥቅም አጥቶ አደጋውን ብቻ ያተርፋል።

በረኪና ከአሞኒያ ጋርም አይስማማም፤ ሽንት ደግሞ አሞኒያ አለው። የጋራ ሽንት ቤት ባለበት ግቢ ይህን ያላየ የለም። ጠዋት ተራው የደረሰው ሰው በር ዘግቶ ውሃ ሳያፈስ ያደረ ሽንት ላይ በረኪና ይደፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ዓይኑ እያለቀሰ፣ እያሳለው ይወጣል። ጎረቤት «በረኪናው ኃይለኛ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። ያስለቀሰው ግን ከሽንቱ ጋር ተዋህዶ የወጣው ጋዝ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በሩን ክፈቱ፣ ብዙ ውሃ አፍስሱ፣ በሳሙና ፈግፍጉ፣ አለቅልቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የተበጠበጠ በረኪና። አሲድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ቀን ይሁን።

ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ በረኪና በጀሪካን መድፋትም ጥቅም የለውም። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። በረኪናው ለመቀመጫው፣ ለእግር ማሳረፊያውና ለእጀታው ነው።

ደረጃ 6፦ ሦስት ቦታ ላይ ልዩ ጥንቃቄ

የበዓል ዶሮ። በፋሲካ ዋዜማ ማድ ቤቱን እዩት። ዶሮው ብልት በብልት ወጥቶ በሳፋ ውስጥ በሎሚና በጨው ይታሻል፣ ውሃው ይለወጣል፣ እንደገና ይታሻል፣ «ጠረኑ እስኪጠፋ»። በእያንዳንዱ እጥበት ጠብታው ወደ ሲንኩ፣ ወደ ብርጭቆ መደርደሪያው፣ ወደ እጅጌ ይረጫል። ሎሚው ጠረኑን ያጠፋል፤ ሆድ የሚያሳምመውን ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ግን አያጠፋም። እሱን የሚያጠፋው ወጡ ውስጥ ሲበስል ነው። ስለዚህ ባህሉን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ አብሽሩ፣ ዶሮውን እጠቡ፣ ግን ረጋ ብላችሁ፣ ሳፋው ውስጥ፣ ቧንቧ ሳትለቁበት። ከዚያ አካባቢውን በላርጎና በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ለምግብ ዕቃ የተባለውን ቀጭን በረኪና አሳርፉበት። ሎሚው ሳይለቀለቅ በረኪና እንዳትደርቡበት፤ ደረጃ 5ን አስታውሱ። ለዒድ በግ ሲታረድም ደሙን መጀመሪያ በውሃና በሳሙና አጥቡ፤ ደም ላይ በቀጥታ የተደፋ በረኪና ጉልበቱን ደሙ ላይ ይጨርሳል።

የክረምት ሻጋታ። ደሴ ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከአልጋ ጀርባና ከቁም ሣጥን ኋላ ግድግዳው ይጠቁራል። በረኪና ቢቀቡት ነጭ ይሆናል፤ ሥሩ ግን ጭቃው ወይም ሲሚንቶው ውስጥ ስላለ ይመለሳል። በብሩሽና በሳሙና ውሃ ፈግፍጉ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ አድርቁ። ፀሐይ ብቅ ባለች ሰዓት መስኮት ክፈቱ፣ ዕቃውን ከግድግዳው በእጅ ስንዝር ፈቀቅ አድርጉ። ክረምቱ ሲወጣ ኖራ ቀቡት። ኖራ በጣም ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ ሻጋታ አይወደውም፤ እርጥቡ ቆዳና ዓይን ያቃጥላልና ጓንት አድርጉ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቆርቆሮውን አስጠግኑ።

የታመመ ሰው ያለበት ቤት። አተት ወይም ሌላ ተቅማጥ ቤት ሲገባ «ኬሚካል አልወድም» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ጓንት አጥልቁ፤ ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ጠቅልሉ። ትውከቱን በጨርቅ ወይም በሶፍት አንሱ፣ ቦታውን በሳሙና ውሃ ጥረጉ፣ 0.5 በመቶውን አፍስሳችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ አለቅልቁ። አንሶላውን አታራግፉት። በሙቅ ውሃና በኦሞ አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ነጭ ከሆነ በ10 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። ባለቀለም ከሆነ አፍሉት። ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ክረምት ደሴ ፀሐይ ካጣችሁ በካውያ ተኩሱት። በመጨረሻ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በበረኪና አትታጠቡ፣ ቆዳ ይላጣል። ለመጠጥ ውሃ ደግሞ ውሃ አጋርን ወይም ሌላ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ማከሚያ በተጻፈው ልክ ተጠቀሙ፤ የቤት በረኪና ሽቶ ሊኖርበት ይችላል።

ስትገዙ

አሁን ሱቅ ስትሄዱ የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። ሳሙናና ላርጎ፣ መጠኑ የተጻፈበት አንድ ጠርሙስ በረኪና፣ አንድ አቼቶ፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ። ስፕሬይና የሚጣል መጥረጊያ ሶፍት ለሚቸኩል ሰው ምቹ ነው፤ ቢሮ፣ መኪና፣ አስታማሚ ቤት እረዳለሁ። በቤት ውስጥ ግን አንድ ጠርሙስ ስፕሬይ በሚገዛበት ዋጋ ለብዙ ጊዜ የሚበጠበጥ በረኪና ይገኛል። የሎሚ ሽታና አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ጠርሙስ «ተፈጥሯዊ» ነው ማለት አይደለም፤ ጀርባውን አንብቡ። ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ሁሉም ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፤ አቼቶና በረኪና ደግሞ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አይቁሙ።

አደጋ ከደረሰ

ዓይን ውስጥ ከገባ ሌንስ ካለ አውጡ፤ ዓይኑን ከፍታችሁ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ። ሐኪም ጋ የምትሄዱት ከታጠበ በኋላ ነው።

ጋዝ ከሸተታችሁ ጠርሙሱን ለመክደንም ወደ ኋላ አትመለሱ። ውጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ ሌላም ሰው አታስገቡ። ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልቆመ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ያቃጥላልና። «ያከሽፈዋል» ብላችሁ ሎሚ ወይም አቼቶ አትስጡት። አፉን አጉመጥምጡት፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውሃ ይጎንጭ፤ ሳትዘገዩ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የጠጣውን ዓይነትና መጠን ነው።